አምስተኛው አሃዝ

«አዳራሹ ውስጥ እንዳታዪኝ» አለቻት አክስቷ።

ይህን ያለቻት ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ነው። ጫማዋን ካደረገች ግማሽ ሰዓት አልፏታል፤ ዕጣው የሚወጣው ግን ሦስት ሰዓት ነው። ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት ደወል ስትደውል የኖረች ሴት ስለሆነች ሰዓት ማክበር ልማድ መሆኑ ቀርቶ በሽታ ሆኖባታል። ልጅቷ ጸጉሯን ማበጠሯን አቁማ በመስተዋቱ ውስጥ ተመለከተቻት። «እንዴት አላይሽም?» «እንደማታውቂኝ ሁኚ። ሰላም አትበዪኝ፣ ዞረሽም አትዪኝ። ቢወጣልኝ የእህቷ ልጅ አወጣችላት ነው የሚሉት። ባይወጣልኝ ደግሞ...» አለችና የቀረውን ሳትጨርሰው ተወችው። ክፍሏ ሁለት አልጋና በመሃል አንድ መጋረጃ ይዛ ሞልታለች፤ ወንበር ቢገባ ሰው ይወጣል። አከራይዋ ባለፈው ወር ኪራዩን ከሦስት ሺህ ወደ አራት ሺህ ሁለት መቶ ስታሳድገው ምክንያት እንኳ አልሰጠችም፤ «ካልተመቻችሁ በሩ ክፍት ነው» ብላ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ስለ ቤት ማውራት አቁመዋል። የሚያወሩት ስለ ስኳር፣ ስለ ሳሙናና ስለ መብራት መጥፋት ነው። ልጅቷ «እሺ እቴቴ» አለችና ማበጠሪያውን አስቀመጠች።

አክስትየው በከተማው የቤቶች ጽሕፈት ቤት የተመዘገበችው ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ነው፤ ቁጥሯ 11737። በነዚህ ዓመታት ሦስት ዕጣ ወጥቶ ሦስቴ አልፏታል። የዛሬው ለአራት መቶ ቤት ነው፤ ከዚህ በኋላ መቼ እንደሚወጣ የሚያውቅ የለም። ነገሩን የሚያወሳስበው ልጅቷ በዚያው ጽሕፈት ቤት የኮምፒዩተር ክፍል ተቀጥራ መሥራቷ፣ ዛሬም ዕጣውን በትልቁ ስክሪን የምታሳየው እሷው መሆኗ ነው። ደብቃ አይደለም። አክስቴ ተመዝጋቢ ናት ብላ በጽሑፍ አሳውቃለች። አለቃዋ ወረቀቱን አንብቦ ሳቀና «በዚህ ከተማ ያልተመዘገበ ማን አለ? የኔም አማት ተመዝግባለች» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

እዚህ ላይ ስለ ሥራዋ ትንሽ ካልተነገረ የቀኑ ጉድ አይገባም። ፕሮግራሞቹ ሁለት ናቸው። ዕጣውን የሚያወጣው አሮጌ ነው፤ ጡረታ የወጡ አንድ ባለሙያ የሠሩት፣ ታዛቢዎች መርምረው ያሸጉት፣ ማንም እንዳይነካው የተባለ። ሦስቱ ታዛቢዎች እያንዳንዳቸው ያሰቡትን አንድ አንድ ቁጥር ይሰጡታል። እሱም ከሦስቱ ቁጥሮች ተነስቶ ተመዝጋቢዎቹን ያምሳል፣ አንዱን ያነሳል፣ ሰውየው ከዚህ በፊት ቤት አግኝቶ እንደሆነ መዝገብ ያያል፣ ከዚያ አንድ መስመር ይጽፋል። ለአንድ ሰው ሰባት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ አራት መቶውን ለመጨረስ ከአርባ አምስት ደቂቃ በላይ። ሁለተኛው የልጅቷ ነው። አሮጌውን ያስነሳል፣ የሚናገረውን ያዳምጣል፣ የሰማውን በትልልቁ ጽፎ ስክሪን ላይ ያወጣል፤ በቃ። ባለፈው ሳምንት በአሥር ቤት ሞክራው ነበር። አሥሩ ቁጥሮች ከአንድ ደቂቃ በኋላ ግጥም ብለው አንድ ላይ መጡ። አንድ በአንድ አለመምጣታቸውን አይታለች፤ ሙከራው ትንሽ ስለሆነ ነው ብላ ለራሷ ነግራ፣ ራሷንም አምና አለፈችው።

አዳራሹ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ጢም ብሎ ሞላ። ወንበር ያላገኘው ግድግዳ ተደገፈ፣ ግድግዳ ያላገኘው መተላለፊያው ላይ ተቀመጠ። ሁሉም ካርዱን በእጁ ይዟል፤ አንዳንዱ በላስቲክ ሸፍኖታል፣ አንዳንዱ ከማርጀቱ የተነሳ በፕላስተር አጣብቆታል። የልጅቷ ጠረጴዛ መድረኩ ሥር በስተግራ ነበር። አክስቷን አላየቻትም፤ ማለትም አይታታለች፣ አራተኛው ረድፍ፣ ሰማያዊ ሻርፕ፤ ግን በታዘዘችው መሠረት አላየቻትም። የታዛቢዎቹ ሰብሳቢ ጡረታ የወጡ ሴት ዳኛ ናቸው፤ አጭር፣ መነጽራቸው በሰንሰለት የታሰረ፣ የችሎት ድምፃቸው አብሯቸው ጡረታ ያልወጣ። ሦስቱ ቁጥሮች ጮክ ተብለው ተነበቡ፣ ልጅቷ አስገባቻቸው፣ ቁልፉን ተጫነች።

ምንም አልመጣም። ስክሪኑ ላይ «የዕጣው ውጤት» የሚለው ርዕስ ብቻ ቁጭ አለ። አንድ ደቂቃ አለፈ፣ ሁለት አለፈ። ሕዝቡ መጀመሪያ ዝም አለ፣ ቀጥሎ ሳል ጀመረ፣ ቀጥሎ እርስ በርሱ ማውራት ጀመረ። አለቃዋ በጫማው ጫፍ እየተራመደ መጣ። «ምን ሆነ?» «እየሠራ ነው።» «በምን አወቅሽ?» በምን እንዳወቀች አላወቀችም። ማሽኑ አሮጌው ፕሮግራም በሕይወት አለ ይላል፤ በሕይወት መኖርና መሥራት ግን ለየቅል ነው፤ ለዚህም ከአለቃዋ የተሻለ ምሳሌ አልነበረም። አቋርጣ እንዳትጀምረው ፈራች፣ ዝም ብላ እንዳታየውም ፈራች። ስድስት ደቂቃ ሞላ። የሠራችው ነገር፣ ሦስት ወር አብራው የዋለችው የገዛ ፕሮግራሟ፣ ከፊቷ ተቀምጦ እንደማያውቃት ሰው ዝም አላት።

ከዘጠኝ ደቂቃ ተኩል በኋላ ሰማንያ አንድ ቁጥር በአንድ ጊዜ ዱብ አለ። ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች ሞላ፣ ተንሸራተተ፣ እንደገና ሞላ፤ ሰው አንብቦ ሳይጨርስ አለፈው። እልልታም ኡኡታም ተቀላቀለ፣ ካርዱን ወደ ላይ የያዘ፣ ጎረቤቱን አንብብልኝ የሚል፣ የቆመውን ተቀመጥ የሚል። ከኋላ አንድ ወፍራም ድምፅ «ተዘጋጅቶ የመጣ ነው፤ ዕጣ እንዲህ በጆንያ አይወጣም» አለ፤ ይህችን ዓረፍተ ነገር አዳራሹ ከአፍ ወደ አፍ ተቀባበላት። መጨረሻው መስመር ላይ ግን ሁሉም ዓይን ቀስ በቀስ ቆመ። ሰማንያ ሁለተኛው መስመር «የምዝገባ ቁጥር 1173» ይላል፤ እዚያው ላይ ቀርቷል። በዚህ መዝገብ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር የለም። ሁሉም አምስት አሃዝ ናቸው። አንዱ ጎድሏል።

ልጅቷ ያኔ ገባት። አሮጌው ፕሮግራም ከስክሪን ጋር ፊት ለፊት ሲነጋገር ያገኘውን ወዲያው ይናገራል። በሌላ ፕሮግራም ጆሮ ውስጥ ሲናገር ግን ይቆጥባል፤ ቃሉን ባልዲ ውስጥ ያጠራቅምና ባልዲው ሲሞላ ብቻ ግልብጥ ያደርገዋል። ባልዲው አራት ሺህ ያህል ፊደል ይይዛል፤ ሰማንያ አንድ መስመር ከግማሽ። ባለፈው ሳምንት አሥር ቁጥር ባልዲውን ስላልሞላው ሥራው ሲያልቅ ነው የተገለበጠው። አሁን የሰማንያ ሁለተኛው ሰው የመጨረሻ አሃዝ ተመርጧል፣ ተጽፏል፣ ባልዲው ውስጥ ከታች ተቀምጧል። የሚታየው ቀጣዩ ባልዲ ሲሞላ፣ ሌላ ዘጠኝ ደቂቃ ተኩል ቆይቶ ነው።

በዚህ መሃል አዳራሹ ውስጥ አራት ሰዎች ቆመው ነበር። የጠራቸው የለም፤ ቁጥራቸው በ1173 የሚጀምር ሰዎች ጉልበታቸው ራሱ አስነሳቸው። ዳኛዋ ወደ ፊት እንዲመጡ አዘው የታዛቢዎቹ ጸሐፊ ካርዳቸውን እያየ እንዲመዘግብ አደረጉ። አንድ ዘበኛ ከነመለዮው፣ 11730። አንድ ልብስ ተኳሽ፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ የቀኝ እጁ ጣቶች በካውያ ጠባሳ የተሞሉ፣ 11732። አንዲት ነርስ ከአዳር ሥራ በቀጥታ የመጣች፣ 11735። እና አክስቷ። አራቱም ከልጅቷ ጠረጴዛ ሁለት እርምጃ ራቅ ብለው ተደረደሩ፤ አክስቷ ከፊቷ ቆማ የመድረኩን መጋረጃ ታያለች፣ ልጅቷ ቁልፎቹን ታያለች። የቀሩት ስድስቱ በቀደሙት ዕጣዎች ቤት አግኝተዋል፤ አሥር ሰው ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር። አራት ሰው ሲሆን እያንዳንዱ ዕድሉን በጣቱ ሊቆጥር ይችላል።

ልብስ ተኳሹ ወሬኛ ነው፤ ሲጨንቀው ደግሞ ይብስበታል። «ቁጥራችን ከተከታተለማ ያን ቀን ሰልፉ ላይ አብረን ነበርን ማለት ነው» አለ። ነርሷ ያን ቀን የተሰለፈችው እናቷ እንደነበረች፣ እናቷ ስትሞት ካርዱን ወደ ራሷ ስም እንዳዞረችው ተናገረች። ዘበኛው ዝናብ እንደነበረ አስታወሰ። ተኳሹ ወደ አክስትየው ዞሮ ጥቂት አያትና «እርስዎማ አንዲት ልጅ አስከትለው ነበር፣ ቀጭን ልጅ» አላት። አክስትየው ከመጋረጃው ዓይኗን ሳታነሳ «አድጋለች» አለች። ልጅቷ አንገቷን ይበልጥ ደፋች። ተኳሹም «እንግዲህ ለአንዳችን ከወጣ ሦስታችን ቤት ምረቃ እንጠራ» ሲል አክስትየው ሳታስበው ሳቀች፤ ቤት ውስጥ እንዲህ ስትስቅ ከሰማቻት ስንት ጊዜ እንደሆናት ልጅቷ መቁጠር አልቻለችም።

ጩኸቱ እየበረታ ሲሄድ ዳኛዋ ወደ ጠረጴዛው መጡ። «ልጄ፣ ይህ ነገር ሞቷል ወይስ እየሠራ ነው?» ልጅቷ ስለ ባልዲው አስረዳች፤ እንደ ምንም፣ እየተንተባተበች። ቁጥሮቹ ውስጥ እየወጡ እንደሆነ፣ አሁን ቢቋረጥ በባልዲው ያለው እንደሚደፋ፣ ስድስት ደቂቃ ቢታገሡ የጎደለው አሃዝ እንደሚመጣ ነገረቻቸው። «እርግጠኛ ነሽ?» እዚህ ላይ አዎ ብትል ኖሮ ነገሩ ባለቀ ነበር። ግን ከሁለት ሰዓት በፊትም እርግጠኛ ነበረች። «ይመስለኛል» አለች። «ይመስለኛል ለዚህ ሕዝብ አይበቃም» አሉ ዳኛዋ፣ በክፋት አይደለም። አለቃዋ ከዳር «አቁሚውና ካዲስ ይጀመር፤ ሰው መድረኩ ላይ ሊወጣ ነው» አላት። ያኔ አንድ ሐሳብ መጣላትና ለዳኛዋ ነገረቻቸው። ከሦስቱ ቁጥሮች ተነስቶ ነው የሚያምሰው፤ እነዚያው ሦስት ቁጥሮች እንደገና ቢሰጡት ያንኑ ውጤት በዚያው ቅደም ተከተል ያወጣል፣ ማንም አይጎዳም። ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው አሰቡበት። «ልክ ነሽ፤ ግን ሁለተኛ ቢወጣና ያው ሰማንያ አንድ ቁጥር ቢመጣ፣ ይህ ሁሉ ሰው ምን ይላል? ተዘጋጅቶ ነበር ማለት ይኸው ይላል። እውነቱን የምናሳይበት መንገድ ውሸት ይመስላል።» ይህም ልክ ነበር።

ውሳኔው በጽሑፍ ሆኖ በማይክሮፎን ተነበበ። ሙሉ ሆኖ የታየ ቁጥር ይጸናል። ሙሉ ያልሆነ እንዳልወጣ ይቆጠራል። የቀሩት ሦስት መቶ አሥራ ዘጠኝ ቤቶች ታዛቢዎች በሚሰጧቸው አዲስ ሦስት ቁጥሮች ካዲስ ይወጣሉ። ሰማንያ አንዱ አጨበጨቡ፣ ያልወጣላቸው ሺዎቹም አዲስ ተስፋ ስላገኙ አጨበጨቡ። ያላጨበጨቡት አራት ናቸው። ተኳሹ «እንዳልወጣ?» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። «እኮ ወጥቷል፤ ያላየነው እኛ ነን እንጂ።» ጸሐፊው ወደ ቦታችሁ ተመለሱ ሲላቸው ነርሷና ዘበኛው ሄዱ፤ ተኳሹ ጥቂት ቆሞ ስክሪኑን አየና ተከተላቸው። አክስትየው መጨረሻ ሄደች። ልጅቷ ያኔ ትእዛዙን ጥሳ ቀና ብላ አየቻት፤ አክስቷ ግን ቃሏን ጠብቃ አላየቻትም። በልጅቷ ስሌት ባልዲው ሊሞላ ሁለት ደቂቃ ከሩብ ይቀረዋል። ልጅቷ የማቋረጫውን ቁልፍ ተጫነች፤ ባልዲው ከነያዘው ተደፋ።

ማስተካከሉ አራት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። አንድ መስመር ብቻ ነው የጨመረችው፤ አሮጌውን ፕሮግራም የምታናግረው ስክሪን ነው ብሎ የሚያታልል። ከዚያ በኋላ ቁጥሮቹ በየሰባት ሰከንዱ አንድ አንድ እያሉ ወረዱ፤ ሰው ካርዱን ያያል፣ ስክሪኑን ያያል፣ ይተነፍሳል፣ ቀጣዩን ይጠብቃል። ያ ወፍራም ድምፅ ራሱ «እንዲህ ነው እንጂ ዕጣ» አለ። ሠላሳ ሰባት ደቂቃ ሙሉ እንዲህ ሄደ። በሦስት መቶ አሥራ ዘጠኙ ውስጥ በ1173 የሚጀምር አንድም አልነበረም። አለቃዋ ሲያልቅ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ «ለሚቀጥለው ትማሪበታለሽ» አላት። ሰማያዊዋ ሻርፕ አራተኛው ረድፍ ላይ አልነበረችም።

ከሰዓት በኋላ ቢሮው ባዶ ነበር፤ ሰው ሁሉ የደስታውን ሻይ ሊጠጣ ወጥቷል። ልጅቷ ኮምፒዩተሯ ፊት ተቀምጣ ብዙ ቆየች። ጠዋት ያስገባቻቸውን ሦስት ቁጥሮች አልረሳቻቸውም፤ መርሳት ብትችል ትወድ ነበር። ለሙከራ የተሰጣት የአሮጌው ፕሮግራም ቅጂ አለ፣ የተመዝጋቢዎቹ መዝገብም አለ። እንዲህ አድርጊ ያላት የለም፣ እንዲህ አታድርጊ ያላትም የለም። ሦስቱን ቁጥሮች ሰጥታ፣ የራሷን ፕሮግራም ወዲያ ትታ፣ አሮጌውን በቀጥታ ስክሪኗ ላይ በተከፈተ ጥቁር የትእዛዝ መስኮት አስነሳችው። አሁን ያለምንም ስስት ተናገረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ታዛቢዎች የፈረሙበትን የሰማንያ አንዱን ዝርዝር ጎኗ ዘርግታ እያንዳንዱን በእርሳስ ትነካለች፤ ሁሉም ያው ነው። በልቧ ሰባት እንዲሆን ለመነች። ትንሽ ቆይታ ሰባት እንዳይሆን ለመነች፤ ሰባት ከሆነ ማን ያምናታል? ለአክስቷ ቤት ልታወጣ ቁጥር ፈጠረች ቢሏት ምን ትመልሳለች? ሰባ ቁጥር አካባቢ ሲደርስ የትኛውን እንደምትፈልግ ፈጽሞ ጠፋባት። ሰማንያ። ሰማንያ አንድ። ሰባት ሰከንድ። 11732።

የልብስ ተኳሹ ነው። ቀጣዩ ከመምጣቱ በፊት መስኮቱን ዘጋችው። ከሰማንያ ሁለት በኋላም ውስጥ ውስጡን የወጡ፣ ማንም ያላያቸው ብዙ ቁጥሮች አሉ፤ ከነሱ ውስጥ 11737 ቢኖርስ? ያንን ማወቅ አልቻለችም፣ ማለትም ትችላለች፣ ግን አልደፈረችም። ወረቀት ላይ አምስቱን አሃዞች ጻፈችና አጥፋ ኪሷ ከተተችው። አውቶቡስ ላይ ቆማ ስትሄድ ሁለት ሴቶች ስለ ዕጣው ያወራሉ፤ አንዷ «ለአንዷ ደወል ደዋይ ግማሽ ቤት ወጣላት አሉ» አለችና ተሳሳቁ። ልጅቷ ከነሱ ጋር ልትስቅ ነው ወይስ ልታለቅስ እንደሆነ ሳታውቅ ፌርማታዋ ደረሰ።

ግቢው ውስጥ ያልጠበቀችውን ነገር አየች። አክስቷ በረንዳው ላይ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ የአከራይዋ ወንበር ነው፣ ባለመደገፊያው። ይህን ወንበር በአምስት ዓመት ውስጥ ሲወጣ አይታ አታውቅም። ዙሪያዋን ጎረቤቶች ከብበዋታል፤ አከራይዋ ራሷ ሻይ ይዛ ቆማለች። አክስቷ ትተርካለች፤ እንዴት እንደተነሳች፣ እንዴት እንደተደረደሩ፣ አራት አሃዝ እንዴት ቁልጭ ብሎ እንደታየ። «ወጥቶልኝ ነበር እኮ» ትላለች፣ «አንድ ፊደል ነው የበላኝ።» ፊቷ ያዘነ ሰው ፊት አልነበረም። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ዕድል አልፏት ሲሄድ የኖረች ሴት፣ ዛሬ ዕድል በሯን አንኳኩቶ እንደነበር ስትናገር ቀና ብላለች። አከራይዋ «እግዜር ያውቃል፣ የአንቺ ነው የነበረው» አለቻት፤ ሌሎቹም እንዴታ፣ እንዴታ አሉ። ልጅቷ ሰላም ብላቸው ወደ ክፍሏ ገባች። አክስቷ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ወንበሩን እዚያው ትታ ተከትላት ገባችና በሩን ዘጋች።

ጠዋት ካወሩት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያዩ። አክስቷ ሻርፗን እያወለቀች፣ እንደ ዋዛ፣ «ማሽኑ ውስጥ ይቀራል አይደል? ምን እንደነበር ማየት ይቻል ይሆን?» አለቻት። ልጅቷ እጇን ኪሷ ውስጥ ወዳለው ወረቀት ሰደደች። «ሰባት ነበር አይደል?» ልጅቷ አሁንም ዝም አለች፤ አዎ የምትለዋ ቃል ምላሷ ላይ ነበረች፣ አንድ ቃል ናት፣ ሥራ አታስፈታም፣ ማንንም አትጎዳም ማለት ይቻላል። አክስቷ ግን አሳድጋታለች፤ ዝምታዋን ከንግግሯ ይበልጥ ታነባለች። ሻርፑን አልጋው ላይ አስቀመጠችው። «የማነው?» አለች። «የልብስ ተኳሹ።»

አክስቷ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ልብሷን ጉልበቷ ላይ በመዳፏ አስተካከለች፣ እንደገና አስተካከለች። «ለምን ነካካሽው?» አለች በመጨረሻ። «ተኝቶ የነበረን ነገር ለምን ቀሰቀስሽው? ይህን ታህል ደስታ ለእኔ በዛብኝ?» ልጅቷ ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተች፣ የምን ይቅርታ እንደሆነ ጠፋባት። ከውጭ የጎረቤቶቹ ሳቅ ይሰማል። «ከሱ ፊት ነበርኩ እኮ» አለች አክስቷ፣ ድምጿ ዝቅ ብሎ። «ያን ቀን ሰልፉ ላይ። ራበኝ ብለሽ ዳቦ ልገዛልሽ ወጣሁ። ስመለስ ቦታዬን ከለከሉኝና ከኋላው አምስተኛ ሆኜ ገባሁ። እሱ ብቻ ነበር ግቢ ያለኝ፤ ሌላው ሁሉ እምቢ ብሎ ጮኸብኝ።» ይህን በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ነግራት አታውቅም። ልጅቷ አጠገቧ ልትቀመጥ ፈለገች፣ ግን ይፈቀድላት አይፈቀድላት አላወቀችምና መጋረጃውን ይዛ ቆመች።

አክስቷ ሻርፗን አንስታ አጣጠፈችው። «ነገ ስንት ሰዓት ነው የሚከፈተው ቢሮው?» አለች አክስቷ። «ሁለት ተኩል። እቴቴ፣ ብናገር ያባርሩኛል፤ ሳይፈቀድልኝ ነው ያወጣሁት። ደግሞ ከማን ጉቦ በልተሽ ነው ይሉኛል።» «አንቺ ብትናገሪ ይላሉ። እኔ ነኝ የምናገረው። እዚያ ዳኛዋ ፊት ሄጄ ከአራቱ አንዷ ነኝ፣ የኔ አይደለም፣ የሱ ነው እላለሁ። እንዴት አወቅሽ ቢሉኝ፣ በጠዋቱ ሦስት ቁጥሮች ራሳችሁ አውጥታችሁ እዩት እላለሁ። ቤት አልፈልግም ብሎ የሚዋሽ ሰው አይተው ያውቃሉ?» ተነሳች። በሩን ከፍታ ወጣች፣ ባለመደገፊያውን ወንበር በሁለት እጇ አንስታ አከራይዋ በር ላይ ስታስቀምጠው ልጅቷ ከውስጥ ሰማች። «የኔ አልነበረም አሉ» አለች አክስቷ፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ። ተመልሳ ገብታ በሩን ዘጋችና «ቁጥሩን ንገሪኝ፤ ወረቀት አይሆንም፣ ወረቀት ከእኔ እጅ ካዩ አንቺ የሰጠሽኝ ይላሉ። በቃሌ ልያዘው» አለቻት። ልጅቷ አምስቱን አሃዞች አንድ በአንድ ነገረቻት። አክስቷ ዓይኗን ጨፍና መለሰችው፤ አንድ፣ አንድ፣ ሰባት፣ ሦስት፣ ሰባት። «ሁለት ነው እቴቴ» አለች ልጅቷ። እንደገና ጀመረች። አራቱን ያለ ስህተት ትላቸዋለች፤ አምስተኛው ላይ ስትደርስ ምላሷ በራሱ ሰባት ይላል። እስኪመሽ ድረስ ተቀምጠው አጠኑት።